የሌላው ሰው መከራ በፖሊስ ላይ ስለሚያሳድረው ሕመም
(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



የሰው እጅ ወይም እግር ሲሰበር ወጌሻ ያሽለታል፤ ቈስሎ ደሙ ሲፈስ ያየው ሁሉ ይደነግጥለታል፤ ወባ የያዘው እንደ ሆነም ትኩሳቱ ያስታውቅበታልና ዘመድ ወዳጅ አንሥቶ ወደ ሐኪም ያደርሰዋል። ነገር ግን ማንም ሳይመታው፣ ከገደል ሳይወድቅ፣ ጥይትም ሳይነካው፣ የሌላውን ሰው መከራ በማየትና በመስማት ብቻ የሚታመም ሰው መኖሩን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። ይህ ሕመም በአስታማሚዎች፣ በእሳት አደጋ ተከላካዮች፣ በአምቡላንስ ሠራተኞችና በዳኞች ዘንድም የሚገኝ ቢሆንም ዛሬ የምንናገረው በተለይ በፖሊስ ላይ ስለሚያደርሰው ጕዳት ነው። ምክንያቱም ፖሊስ መከራ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ የሚጠራ፣ የሁሉንም ሰው ቃል የሚቀበል፣ የእርሱን ቃል ግን የሚቀበልለት ሰው የሌለው ሠራተኛ ስለ ሆነ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ወዳለችው ወደ ሮብ ገበያ እንሂድ። ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ብርቱ ደጋ ሲሆን ገበሬው ገብስና ድንች ያመርታል። ስሟም እንደሚነግረን የረቡዕ ገበያ ያቆማት ከተማ ናት። ይህችን በመሰለች የደጋ ከተማ ለገበያ የወጣው ሰው ፖሊስን የሚያውቀው ሌባ ሲያሳድድ፣ በሚዛን የተጣሉትን ሲገላግል፣ ከመንገድ ላይ የቆመ አህያ ሲያስነሣ ነው። ከዚህ በቀር ያለውን ሥራውን ግን ብዙ ሰው አያየውም።

በደጋው አገር መሬት ጠባብ፣ ሰው ብዙ ነው። በወሰን የተጀመረ ክርክር አንዳንድ ጊዜ በዱላ፣ አንዳንድ ጊዜም በጥይት ይፈጸማል። ይህ በሆነ ጊዜ መርማሪው ፖሊስ በሌሊት ይጠራል። ጭቃውን ረግጦ ከስፍራው ሲደርስ የሟቹ ሚስት ፊቷን እየነጨች ታለቅሳለች፤ ልጆቹም ከግድግዳ ተጠግተው ይመለከቱታል። እርሱ ግን ማልቀስ አይፈቀድለትም። አስከሬኑን ይጠብቃል፤ ቍስሉን ይቈጥራል፤ ከአስከሬኑ እስከ አጥሩ ያለውን ርቀት ይለካል፤ ከዚያም በዚያው ሰዓት ከዚያችው ሴት ፊት ተቀምጦ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ይላታል። እርስዋ የነገረችውን አንድ ቃል ሳያስቀር ይጽፋል፤ ጽፎም መልሶ ያነብላታል። ስለዚህ መከራውን አንድ ጊዜ በዐይኑ አይቶ፣ ሁለተኛ በጆሮው ሰምቶ፣ ሦስተኛ በእጁ ጽፎ፣ አራተኛም በአፉ አንብቦታል ማለት ነው። በማግሥቱ ጧት ሌላ መዝገብ ይጠብቀዋል፤ ከቤቷ ተጠልፋ የተወሰደች ልጃገረድ፣ ወይም በገዛ ዘመዱ የተደፈረ ሕፃን ቃሉን ሊሰጥ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። አገራችን ለሐዘን ሥርዓት የሠራች አገር ናት። ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ አልቃሽ ታለቅሳለች፤ ከዚያም ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ እያለ ቀን ተቈጥሮለት የሐዘንተኛው ልብ በጥቂት በጥቂቱ ይረጋጋል። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት የሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐዘን መውጫ በር ካልተከፈተለት ከውስጥ ሆኖ ሰውን እንደሚበላ ስለሚያውቁ ነው። ነገር ግን በዚያች ሌሊት አስከሬኑን ያነሣው ፖሊስ ከየትኛው ድንኳን ይቀመጣል? ሟቹ ዘመዱ አይደለምና የሚያስተዛዝነው የለም። ሐዘኑን ተሸክሞ ወደ ጣቢያው ይመለሳል፤ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የሕመሙ ታሪክ በሊቃውንት ዘንድ እንደሚከተለው ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጭንቀት በስም ለይቶ በበሽታ መዝገቡ ያገባው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ነው። በዚያን ጊዜ በይበልጥ የታሰበው አደጋው በራሱ ላይ ስለ ደረሰበት ሰው ነበር። ከዚህ በኋላ በቬትናም ጦርነት የዘመተውና በኋላ ፕሮፌሰር የሆነው ቻርልስ ፊግሊ በ1995 ባወጣው መጽሐፍ፣ ችግረኛውን የሚረዱት ሰዎች ራሳቸው የችግረኛው ዐይነት ምልክት እንደሚታይባቸው ገለጸ፤ ይህንንም ከሌላ ሰው መከራ የሚጋባ ጭንቀት አለው፤ የርኅራኄ ድካም ብሎም ጠራው። በመጨረሻም በ2013 የታተመው የማኅበሩ መዝገብ ጉዳዩን በግልጽ አሰፈረው። በሥራቸው ምክንያት ደጋግመው የአደጋን ዝርዝር የሚያዩና የሚሰሙ ሰዎች ለዚህ ሕመም የተጋለጡ መሆናቸውን ሲገልጽ፣ ለምሳሌ የጠቀሳቸው የሟቾችን አካል የሚሰበስቡትንና በሕፃናት ላይ ስለሚፈጸም ግፍ ደጋግመው የሚሰሙትን ፖሊሶች ነው። እንግዲህ ነገሩ የፈሪ ሰው ሰበብ ሳይሆን በሐኪሞች የታወቀ የሥራ ሕመም መሆኑን ልንረዳው ይገባናል።

ሕመሙ እንዴት እንደሚፈጠር ባጭሩ እንናገር። እግዚአብሔር ለሰው ልጅ በአእምሮው ውስጥ ዘበኛ አኑሮለታል። አደጋ ሲመጣ ይህ ዘበኛ ይጮሃል፤ ልብ ይመታል፤ እስትንፋስ ይፈጥናል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ ሰውነትም ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። አደጋው ሲያልፍ ዘበኛው ዝም ይላል። የሌላውን ሰው ሥቃይ በቅርብ ስናይ ወይም በዝርዝር ስንሰማም ይኸው ዘበኛ ይነሣል፤ የርኅራኄ ሥሩም ይህ ነው። መርማሪው ግን ቃል በሚቀበልበት ሰዓት ሊሸሽም ሊታገልም አይችልም፤ ፊቱን አጽንቶ ይቀመጣል። ይህ በየሳምንቱ፣ በየዓመቱ ሲደጋገም ዘበኛው ማረፍን ይረሳል፤ አደጋ በሌለበትም ይጮሃል። በሽታው ይህ ነው።

ምልክቶቹን ሊቃውንቱ በሦስት ይከፍሏቸዋል። ብራያን ብራይድና ባልደረቦቹ በ2004 ያወጡት፣ 17 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ የተዘጋጀው በእነዚሁ ሦስት ክፍሎች ነው።

አንደኛው ያልተጠራ ትዝታ ነው። ያዩት ነገር በሕልም ይመጣል፤ በምግብ ሰዓት፣ በጸሎት ሰዓት፣ ከልጅ ጋር ሲጫወቱም ድንገት በዐይን ላይ ይደቀናል። የሌላ ሰው ልጅ አስከሬን ያነሣ ፖሊስ የራሱን ልጅ ተኝቶ ባየው ጊዜ ይደነግጣል፤ መተንፈሱንም ለማረጋገጥ በሌሊት ይነሣል።

ሁለተኛው መሸሽና መደንዘዝ ነው። አደጋ በደረሰበት መንገድ ማለፍ ያስጠላል፤ ለቅሶ ቤት መሄድ ይቀራል፤ ማኅበርና ሰንበቴ ይታጐላል። ቀድሞ ያስደስት የነበረው ነገር ጣዕሙ ይጠፋል። ሚስትና ልጅ ሲያለቅሱ እንኳ ልብ አይነካም፤ የደረቀ እንጨት ይመስላል።

ሦስተኛው የሰውነት አለመርጋት ነው። እንቅልፍ ይጠፋል፤ በር ሲንኳኳ ሰውነት ይዘላል፤ በትንሽ ነገር ቍጣ ይነሣል፤ ሐሳብ አይሰበሰብም፤ ወንበር ሲመረጥም ጀርባ ከግድግዳ፣ ፊት ከበር እንዲሆን ይፈለጋል።

እነዚህ ምልክቶች ከከባድ አደጋ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቢታዩ የጤነኛ ሰው ጠባይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በራሳቸው ይተዋሉ። ከአንድ ወር በላይ የቈዩና ሥራንና ኑሮን ያሰናከሉ እንደ ሆነ ግን ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

የሕመሙን ብዛት በሚመለከት በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት አለ። ጥናቱ በ24 አገሮች የሚገኙ ከ272,000 በላይ የፖሊስ ሠራተኞችን የሚመለከቱ ምርመራዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ መርምሯል። በዚህም መሠረት ከመቶው 14.2 የሚሆኑት ከአደጋ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት፣ ከመቶው 14.6 የሚሆኑት ደግሞ የድብርት ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ይህም ማለት ከሰባት ፖሊሶች አንዱ ማለት ነው። ለጤና በሚያሰጋ መጠን መጠጥ የሚጠጡት ደግሞ ከአራት አንድ ያህል ሆነው ተገኝተዋል። ችግርን በመሸሽና ባለማንሣት የሚያልፉት ይበልጥ ሲታመሙ፣ ከሥራ ጓደኞቻቸው ድጋፍ የሚያገኙት ግን ሕመሙ ቀለል ይልላቸዋል።

ሕመሙ ሰው እንደሚገምተው ከጊዜ ጋር ሁልጊዜ አይጠፋም። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሁለቱ ታላላቅ ሕንፃዎች በፈረሱ ጊዜ ለርዳታ የተሰለፉት ፖሊሶች በየጊዜው ተመርምረው ነበር። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ሕመሙ የታየባቸው ከመቶው 7.8 ነበሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ቍጥሩ ወደ 16.5 ከፍ ብሏል። እንግዲህ «ጊዜ ይሽረዋል» ብሎ መተው ለሁሉ እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

በአገራችንም በዚህ ዐይነት ሥራ የተፈተኑ ብዙዎች ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቈሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ አስከሬን የማውጣቱ ሥራ ቀናት ፈጅቷል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከተነሣ ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሲያልቁ፣ የሟቾችን ማንነት ለይቶ ለማወቅ ወራት አስፈልጓል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁም፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ከሮጡት መካከል ብዙዎቹ በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። በእንዲህ ያለው ስፍራ የቆመ ሰው ሁሉ፣ ፖሊስም ቢሆን የቀይ መስቀል ሠራተኛ ወይም አካፋ ይዞ የመጣ ጎረቤት፣ ያየውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እነዚህ ስማቸው የታወቀ አደጋዎች ናቸው። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍለትና ዳገት ባለው መንገድ የሚሠራ ትራፊክ ፖሊስ ስም ያልወጣላቸውን ብዙ አደጋዎች ያያል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው የትጥቅ ግጭት ደግሞ ፖሊስ የሌላውን ሐዘን መዝጋቢ ብቻ ሳይሆን ራሱም ጓደኛውን የሚቀብር ሐዘንተኛ ሆኗል። በዚህ ጊዜ የራሱ ቍስልና ከሌላው የተጋባበት ቍስል ተደባልቀው አንዱን ካንዱ ለመለየት ያስቸግራል።

ታዲያ ይህን ያህል ከባድ ነገር ለምን ተሰውሮ ኖረ? አንደኛው ምክንያት የጀግንነት ትርጓሜያችን ነው። ወንድ ልጅ አይፈራም፣ አያለቅስም፣ ሆዱን ለሰው አይገልጥም እየተባለ ያደገ ሰው፣ ደንብ ልብስ ሲለብስ ይህን እጥፍ አድርጎ ይሸከማል። «ሆድ ይፍጀው» ይላል፤ ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። «አእምሮው ተነክቷል» ብባል መሣሪያዬን ይነጥቁኛል፣ ማዕረጌም ይቀርብኛል፣ ጓደኞቼም ይንቁኛል ብሎ ይሠጋል። ሦስተኛው ምክንያት አረቄ ነው። ከሥራ በኋላ የተቀመሰች አንዲት መለኪያ እንቅልፍ ታመጣለች፤ በሚቀጥለው ወር ሁለት ታስፈልጋለች፤ ከዓመት በኋላ ጠርሙሱ አይበቃም። ሰዉም ሰካራም ነው ብሎ ያማዋል እንጂ ለምን መጠጣት እንደ ጀመረ አይጠይቀውም። አራተኛው ምክንያት ሕመሙ መንፈስ ነው፣ የሰው ዐይን ነው ተብሎ ሐኪም ሳይታይ መቅረቱ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው በእምነቱ ይጽናና፤ ጸበል መጠመቁ ግን የሐኪም መድኃኒትን እንዲተው ምክንያት ሊሆነው አይገባም።

ጉዳዩ የፖሊሱ ብቻ መስሎ የሚታየው አድማጭ ቢኖር የሚከተለውን ያስብ። ልቡ የደነዘዘ መርማሪ፣ ተደፍራ የመጣችውን ልጅ ቃል ሰልችቶት ያቋርጣል፤ ወይም አያምናትም። እርስዋም ዳግመኛ ወደ ሕግ አትመጣም። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ተጠርጣሪ ላይ እጁን ያነሣል፤ በዚህም ሕግ ይጣሳል፤ ንጹሑ ይጐዳል፤ በኃይል የተገኘ ቃል ደግሞ ፍርድን ያበላሻል። ሕመም ለበደል ምክንያት ይሆናል እንጂ በደልን አያጸድቅም፤ ስለዚህ ሕመሙን በጊዜው ማከም በደሉን አስቀድሞ መከልከል ነው። በቤትም ቍጣው በሚስትና በልጆች ላይ ይወርዳል። ከሁሉም የሚከፋው፣ ተስፋ የቈረጠ ሰው መሣሪያ ከእጁ የማይለይ መሆኑ ነው።

ዘመናዊው የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በገጠሩ አገር ወንጀል ሲፈጸምና ወንጀለኛው ሲጠፋ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር። ሰው ከእርሻው ተለይቶ ቀናት ስለሚጕላላበት አውጫጭኝ ብዙ ችግር ነበረበት፤ እንመልሰው አንልም። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ በአገሩ የፈሰሰው ደም የአገሩ ሁሉ ሸክም ነበር። ዛሬ ያን ሸክም ለአንድ ደመወዝተኛ ሰጥተን ሁላችንም ወደየቤታችን ገብተናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ስለዚህ ያሉት ይመስላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ የጣቢያ አዛዦች ድርሻ አለ። የሕፃናትንና የነፍስ ግድያን መዝገብ ለአንድ መርማሪ ብቻ ከዓመት እስከ ዓመት አለመስጠት፣ በተራ ማከፋፈል፣ ከከባድ ሥራ በኋላ የዕረፍት ቀን መስጠት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው። ለሥራው አስፈላጊ ያልሆነ ሰው አስከሬን እንዲያይ ወይም የአደጋ ፎቶግራፍ እንዲያገላብጥ አለማድረግም እንዲሁ ነው። አንድ ባልደረባ ተስፋ መቍረጥ የታየበት እንደ ሆነ፣ መሣሪያው ለጊዜው በግምጃ ቤት እንዲቀመጥለት ማድረግ ይገባል፤ ይህም እንደ ቅጣት ሳይሆን እግሩ የተሰበረ ሰው ከሰልፍ እንደሚያርፍ ያህል ተቈጥሮ፣ ማዕረጉና ክብሩ ሳይነካ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የሥራ ጓደኛ ድርሻ ነው። በ2011 በአውሮፓ አቈጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና ርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይጠቀልለዋል፤ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። የጓደኛን ሁኔታ ልብ ብሎ ማየት፤ መናገር ሲፈልግ ሳይፈርዱና ሳያቋርጡ መስማት፤ ከዚያም ከሚረዳው ሰው ጋር ማገናኘት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአደጋ በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ «ያያችሁትን አንድ በአንድ ተናገሩ» ብሎ ማስገደድ ጠቃሚ መስሎ ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት ቈይቶ ነበር፤ በምርመራ ሲታይ ግን ሕመሙን እንደማይከላከል ስለ ተገኘ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እንዳይሠራበት መክሯል። መናገር ለሚፈልግ ጆሮ መስጠት እንጂ የማይፈልገውን ማስገደድ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ትኩስ ምግብ፣ እንቅልፍና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ሦስተኛው የቤተ ሰብ ድርሻ ነው። ሚስት ባሏን «ምን አይተህ መጣህ?» ብላ አታስጨንቀው፤ የመርማሪ ምስጢርም አለበትና። ይልቁንስ «እንቅልፍ አጥተሃል፤ ምን ላድርግልህ?» ብትለው ይሻላል። ከማኅበሩ፣ ከእድሩና ከለቅሶው እንዳይለይ ብታግዘው፣ ከሰው መካከል መገኘቱ ራሱ ፈውስ ነው። የነፍስ አባት ያለውም ሰው ለነፍስ አባቱ ቢናገር ምስጢሩ የተጠበቀ ጆሮ ያገኛል፤ የነፍስ አባትም ሕመሙ የከበደ መሆኑን ሲያዩ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ቢመክሩት ታላቅ ሥራ ይሠራሉ።

አራተኛው የሐኪም ድርሻ ነው። ሕመሙ ሕክምና አለው። የሠለጠነ ባለ ሙያ በሽተኛውን እያረጋጋ፣ የሸሸውን ትዝታ በጥቂት በጥቂቱ እንዲጋፈጠው የሚያደርግበት የንግግር ሕክምና ብዙዎችን አድኗል፤ ድብርት ላለበትም የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ለዚህም በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይገኛል፤ በአዲስ አበባም የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። የፖሊስ ትምህርት ቤቶችም ምልምሉን ተኩስና ሕግ ሲያስተምሩ፣ ይህን ሕመም አውቆ እንዲጠነቀቅ ጭምር ቢያስተምሩት፣ በኋላ ሲያገኘው በራሱ ከማፈር ይድናል።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህን ሕመም ግን የደበቀው በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ ስለ ሕመሙ መስማት ያልወደድን እኛም አብረን ደብቀነዋል። ከሮብ ገበያ እስከ አዲስ አበባ፣ ለእኛ ሰላም ሲል ሌሊቱን ከሬሳ አጠገብ የሚያድር ሰው አለ። ያየውን ሁሉ ከእርሱ ጋር ልናየው አንችልም፤ ነገር ግን ሲመለስ ሰላምታ ልንሰጠው፣ ሲታመምም እንደ ማንኛውም በሽተኛ ልንጠይቀው እንችላለን። ደንብ ልብስ ጥይትን እንደማይመልስ ሁሉ ሐዘንንም አይመልስምና።